ውሌ ጮክ ተብሎ የተነበበበት ቀን

ፉሪ እስክንገባ ድረስ ባለቤቴና እኔ ሰበታ ውስጥ ስድስት ጊዜ ቤት ቀይረናል። ስድስቱም አንድ አንድ ክፍል ነበሩ። ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃ ይጭናል፣ ዕቃ ያወርዳል፣ አለቀ። ለእኔ ግን ሥራው የሚጀምረው ዕቃው ከወረደ በኋላ ነው። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ቦዩ የት ላይ ክዳን እንደሌለው፣ የአከራይዋ ውሻ ሰንሰለት እስከ የት እንደሚደርስ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ በአንገቴ ልክ ይሁን በግንባሬ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ እማራለሁ። ግቢውን ለምጄ በትሬን ትቼ መውጣት ስጀምር ደግሞ አከራዩ "ልጄ ከዱባይ ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" ይላል።

ዓይነ ስውር ነኝ። በሰባት ዓመቴ ሰበታ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት መጥቼ እዚያው አደግኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስም እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ እንዳስተምር ተመደብኩ። ባለቤቴ ያያል። ከወላይታ መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ሰው ነው። ቤት ልንከራይ በሄድን ቁጥር አከራዮች የሚያነጋግሩት እሱን ነበር። አንዷ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ "ለእሱስ ግድ የለም፤ ለእሷ ግን ዋስ ማነው? እሳት ብትለኩስብኝስ?" አለችው። እኔ ያን ጊዜ ሦስት መቶ ተማሪ በየሳምንቱ የማስተምር፣ ሽሮ የምሠራ፣ ልብሴን ራሴ የምተኩስ ሴት ነበርኩ።

አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አንድ ደብዳቤ አነበበልን። ለመንግሥት ሠራተኞች የቤት መግዣ ብድር ሊሰጥ ነው፤ ክፍያው ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ለብድሩም መንግሥት ዋስ ይሆናል ይላል። መምህራኑ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ከነሱ መሀል ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሰምተው ምንም ሳያገኙ የቀሩ ናቸው። እኔ ግን "ዋስ" የምትለዋ ቃል ላይ ቀረሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው የታሪክ መምህርት ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት የቀራት ቀልደኛ ሴት ናት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ "መንግሥት ዋስ ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"አንቺ ባትከፍዪ ለባንኩ እሱ ይከፍላል ማለት ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንቺን ይይዝሻል። የትም አታመልጪም።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምክትሉ፣ "ምን ያስቃል መምህርት?" ሲለኝ፣ "ዋስ አግኝቼ ነው" አልኩት።

በዚያው ሳምንት ማመልከቻ አስገባሁ። ባንኩም ወረቀቶቼን አይቶ፣ "እስከዚህ መጠን እናበድራለን፤ ካርታ ያለው ቤት ፈልገው ይምጡ" አለ። የቀረውን እኔና ባለቤቴ ለዓመታት በዕቁብ ካጠራቀምነው እንሞላለን ተባባልንና ቤት ፍለጋ ተጀመረ።

መጀመሪያ የሄድነው ሱሉልታ ነው። ደላላው ከመኪና እንደወረድን ክንዴን ይዞ በረንዳው ላይ አቆመኝና፣ "እዪው! ሜዳው ሁሉ ከፊትሽ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕይታ የት ይገኛል?" አለኝ። ባለቤቴ ሳቁን ሲውጥ ተሰማኝ። ነፋሱ ጆሮዬን እየቆረጠኝ፣ "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኩት። ደላላው ወዲያው ስለ ዕይታው ማውራቱን አቆመ።

ቡራዩ ያየነው ቤት ግን ልቤን ሊወስደው ነበር። ክፍሎቹ ሰፊ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሰፈሩም ጸጥ ያለ። ባለቤቴ ግድግዳውን እየዞረ ሲያደንቅ እኔ መስኮቱ ደፍ ላይ ጣቴን አሻሸሁ። ደቃቅ ብናኝ ነበረ፤ አፈር አይደለም፣ ይቧጥጣል። አሸተትኩት፤ የተቃጠለ ብረት ይሸታል።

"ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ምንድን ነው ያለው?" አልኩ።

ደላላው አመነታ። "ወዲያማ... አንድ ብረታ ብረት ቤት አለ።"

"ዛሬ ለምን አይሰማም?"

"ዛሬ እሑድ ነዋ።"

ወደ ታክሲ ስንመለስ ባለቤቴ፣ "እኔ ብቻዬን ብመጣ ኖሮ እኮ ቀብድ ከፍዬ ነበር" አለኝ። ያን ቀን እስከ ሰበታ ድረስ በሳቅ ሄድን።

ፉሪን ያገኘነው ያለ ደላላ ነው። ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ አብሮት የሚሠራ ሰው፣ "አንድ ሽማግሌ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው፤ ካርታው በስማቸው ነው" ብሎ ነገረው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰው የኖሩ ገበሬ ናቸው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ መሬታቸው ተከፋፍሎ የቀራቸው ቦታ ላይ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ተፍኪ ያለችው ልጃቸው አብረዋት እንዲኖሩ ለምናቸዋለች። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አቶ ለማለት "ኦቦ" ስለሚላቸው እኔም ኦቦ እላቸዋለሁ።

በሩ ላይ ድምፃችንን ሲሰሙ፣ "አካም ጅርታ?" አሉኝ።

"ፈያ፣ ገለተ ዋቃ"፣ ደኅና ነኝ ፈጣሪ ይመስገን፣ ብዬ መለስኩላቸው። ሰበታ አድጌ ይህን ያህል ባልችል ያሳፍር ነበር። ኦቦ ግን በጣም ደስ አላቸው፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ለቀቅ አላደረጉትም።

"ኦቦ፣ ካልተቀየሙኝ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ብቻዬን ልሁን?" አልኳቸው።

ግራ ገባቸው። ባለቤቴ፣ "ቤት የምታየው እንደዚያ ነው" አላቸው። ሁለቱ ውጭ ቀሩ።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አጨበጨብኩ፤ ድምፁ የክፍሉን ስፋትና የጣሪያውን ከፍታ ነገረኝ። ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ውሃው አልተቆራረጠም። በእግሬ ወለሉን ጠረግኩ፤ በክፍሎቹ መሀል ደፍ የለም። ከዚያ ግድግዳውን በጥፍሬ እያንኳኳሁ ዞርኩ። ሁሉም ጥብቅ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ ጥግ በስተቀር። እዚያ ግድግዳው የባዶ ቀፎ ድምፅ አወጣ፤ መዳፌን ስለጥፍበትም ቀዘቀዘኝ። እርጥበት ነበረው።

ወጥቼ ነገርኳቸው። ኦቦ ከሆዳቸው ሳቁ።

"ዱጋዳ! እውነት ነው። ከኋላው የውሃ መውረጃው ተሰብሮ ነበር። ባለፈው ወር ነው በሲሚንቶ የለሰንኩት፤ ቀለምም ቀብቼበታለሁ። አሥር ሰው ቤቱን አይቶ ሄዷል፣ አንድም አላገኘውም!"

"ሊነግሩን አስበው ነበር?" አልኳቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዳልዋሽሽ፣ አላሰብኩም።" አሁንም እየሳቁ ነው። "አሁን ግን አፍርሼ እንደገና አሠራዋለሁ። ሳላሠራው አልሸጥልሽም።"

ቃላቸውን ጠበቁ። በሳምንቱ ስንመለስ ግድግዳው እስከ ብሎኬቱ ተልጦ፣ ቱቦው ተቀይሮ አገኘነው። የባንኩ መሐንዲስም መጥቶ ለካ፣ ገመተ፣ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። የዋስትናው ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ወጣ። እንዲያ እንዲያ እያለ የፊርማው ቀን ደረሰ።

የብድሩን ጉዳይ የያዘው ወጣት ሠራተኛ ትሁት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ከዚያ ግን ማውራት የጀመረው ከባለቤቴ ጋር ነው።

"ሁሉም ዝግጁ ነው። እርሳቸው ማየት ስለማይችሉ ግን ውሉን የሚፈርምላቸው ወኪል ያስፈልጋል። እርስዎ ባለቤታቸው ስለሆኑ የውክልና ሥልጣን ይሰጡዎትና እርስዎ ይፈርማሉ።"

"መፈረም እችላለሁ" አልኩ።

"አሠራሩ ነው እኮ እመቤቴ። ለራስዎ ጥበቃ ነው።"

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ልፈርምና እንገላገል" አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ የፋብሪካ ፈረቃው እየደረሰበት ነበር። እኔ ግን ተነሣሁና በትሬን ዘርግቼ ወጣሁ።

እስከ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ስንደርስ፣ "ምን አጠፋሁ?" አለኝ።

"ስድስት አከራይ ካንተ ጋር ነው የተነጋገረው" አልኩት። "ብድሩ የተሰጠው በእኔ ደመወዝ ነው። ዋሱ ዋስ የሆነው ለእኔ ነው። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ፊርማው ያንተ ይሁን?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ "እንደዚህ አላሰብኩትም ነበር" አለ። በማግሥቱ ማለዳ ፈረቃውን ከጓደኛው ጋር ተለዋውጦ ጫማውን ሲወለውል ሰማሁት። "ዛሬ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለኝ። "ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንዲት ቃል አልናገርም።"

እንዳለውም አደረገ፤ አፉን የከፈተው አንዴ ብቻ ነው። ሠራተኛው እንደ ትናንቱ ወደ እሱ ዞሮ ሲጠይቀው፣ "እኔ ለመስማት ነው የመጣሁት፤ እሷን ጠይቃት" አለው። እኔ ሥራ አስኪያጁን ማነጋገር እፈልጋለሁ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ከበድ ያለ ጫማ ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደመወዝ መዝገብ ላይ በእጄ ፈርሜያለሁ" አልኩት። "ማንም ወኪል ጠይቆኝ አያውቅም።"

"ይገባኛል" አለ። "ግን ያላዩትን ነገር እንዴት ይፈርማሉ? ነገ 'ምን እንደሚል አላወቅኩም' ቢሉን ምን እንመልሳለን?"

"ያንብቡልኛ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። ከዚያ እፈርማለሁ።"

"ሃያ ሁለት ገጽ ነው እኮ!"

"ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ናቸው፤ ጊዜ አለኝ።"

ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ሠራተኛውን፣ "አንብብላቸው" ብሎት ወደ ቢሮው ገባ።

የብሬል መጻፊያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ወረቀቱን የሚይዘውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስተካከልኩ። ሠራተኛው ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዜና አንባቢ ነበር የሚጣደፈው። "ቀስ ይበሉ፣ እየጻፍኩ ነው" አልኩት። ቀስ አለ። አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ይቆማል፤ እኔ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ እጽፋለሁ፤ ከዚያ "ይቀጥሉ" እለዋለሁ።

የተቀመጥነው ባለጉዳይ በሚጠብቅበት አዳራሽ ጥግ ላይ ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ አዳራሹ ጸጥ ማለቱን አስተዋልኩ። ወንበሮች እየተሳቡ ቀረቡ። ሰዉ ተራውን ትቶ የእኔን ውል ያዳምጥ ጀመር። ሠራተኛው፣ "ይህ የደንበኛ ጉዳይ ነው" ሲላቸው፣ "ይስሙ፤ እኔ ፈቅጃለሁ" አልኩት።

"ተበዳሪው ባንኩን በጽሑፍ ሳያሳውቅ ቤቱን ለሌላ ሰው ማከራየት አይችልም" ብሎ አነበበ።

ከኋላዬ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው፣ "ወንድሜ፣ እስቲ ያቺን መልሰህ አንብባት" አለ።

መልሶ አነበባት።

"ይሄ የእኔም ውል ውስጥ አለ እንዴ?"

"ብድሩ የቤት ከሆነ አለ።"

"አምና ነው የፈረምኩት! ማንም አልነገረኝም። እኔ እኮ አከራይቻለሁ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሠራተኛው ራሱ እየሳቀ፣ "እኔ አልሰማሁም፤ ነገ ደብዳቤ ጽፈው ይምጡ" አለው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ተለወጠ፤ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለጉባኤ የሚያነብ ሆነ። አንዲት ሴት፣ "ጎሮሮው ደረቀ" ብላ ውሃ አመጣችለት።

አሥራ ስምንተኛው ገጽ ላይ፣ "ብድሩ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ተከፍሎ ያልቃል" ብሎ አነበበ።

"ቆይ" አልኩ። በጣቴ ወደ ኋላ ሄጄ የጻፍኩትን ዳሰስኩ። "ገጽ አምስት ላይ ሃያ ዓመት ብለውኛል።"

"ሃያ ነው እኮ።"

"አሁን አሥራ አምስት አሉኝ።"

ወረቀት ተገለባበጠ። እንደገና ተገለባበጠ። ከዚያ ሠራተኛው ተነሥቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደ፤ እርምጃው ፈጣን ነበር። ከባዱ ጫማ ወደ እኛ ሲመጣ ተሰማኝ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ሁለቱንም ገጽ አነበበ። ውሉ የተገለበጠው ከሌላ ደንበኛ ውል ላይ ኖሮ፣ አንድ ቁጥር ሳይቀየር ቀርቷል።

"ይህ ወረቀት በአራት ሰው እጅ አልፏል" አለ ቀስ ብሎ። "እኔም አንዱ ነኝ።"

ባለቤቴ ቃሉን አፍርሶ "ሃሌሉያ!" አለ። አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨበ ሰው ሁሉ ነበረ።

ውሉ ታርሞ እስኪታተም ጠበቅን። የተስተካከለው ገጽ ተነበበልኝ፤ የቀሩት ገጾችም ተነበቡ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ማስመሪያ አምጥቶ የፊርማው መስመር ሥር አስተካክሎ ያዘልኝ። የማስመሪያውን ጠርዝ በግራ ጣቴ እየተከተልኩ ስሜን እስከ አባቴና እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩ። በሃያ ሁለቱም ገጽ ላይ አጠር ያለውን ፊርማዬን አኖርኩ። ባለቤቴ ከእኔ ቀጥሎ፣ በትዳር ጓደኛ ቦታ ፈረመ።

ሽያጩን ስንፈራረም ኦቦ ከልጃቸው ጋር ከተፍኪ መጡ። ውልና ማስረጃ ቢሮ ውስጥ የእሳቸው ተራ ሲደርስ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሳረፉ። እኔ ስፈርም ደግሞ አጎንብሰው ሲያዩ ትንፋሻቸው ፀጉሬ ላይ ይሰማኝ ነበር።

"አየሽ ልጄ" አሉኝ፤ "እኔ ዓይን ኖሮኝ በጣቴ፣ አንቺ በብዕር!"

"ቢፈልጉ አስተምርዎታለሁ፣ ኦቦ።"

"ኤዬ! አሁን ቤት ሸጬ ገንዘብ ሲመጣማ መፈረም ያስፈልገኛል" ብለው ቢሮውን አሳቁት። እውነትም ከዚያ በኋላ ለበዓል ሲመጡ ከፊደል ገበታው ጋር ነው የሚቀመጡት፤ ስማቸውን አሁን በደንብ ይጽፋሉ።

ቤቱ የገባነው ቅዳሜ ነው። የባለቤቴ የመዝሙር ጓደኞች አልጋችንን፣ ቁም ሣጥኑንና የመጻሕፍቴን ካርቶኖች በአንድ አይሱዙ ጭነው መጡ። የብሬል መጽሐፍ ክብደት የማያውቅ ሰው ካርቶኑን ሲያነሳ የሚያወጣው ድምፅ ያስቀኛል፤ ያን ቀን ብዙ ሰማሁት። የታሪክ መምህርቷ ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ይዛ መጥታ፣ "መንግሥት ዋስ የሆነላትን ሴት ቤት ልይ" እያለች ክፍሎቹን ዞረች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ እኔ ምንም አልነካሁም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ዝም ብዬ ሄድኩ። ከመኝታ ቤቱ እስከ ወጥ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ይህን ቁጥር ከዚህ በኋላ አልለውጠውም ብዬ ሳስብ እግሬ ቀለለኝ።

ያልጠበቅኩት አንድ ነገር ነበር። ባለቤቴና እኔ ለዓመታት በአንድ ክፍል ስለኖርን፣ ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልገንም ነበር፤ እጄን ብዘረጋ አገኘዋለሁ። አሁን እሱ አንዱ ክፍል፣ እኔ ሌላው ነን። በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ሆኜ ሳልሰማው ቀረሁ። የሄደ መሰለኝ። "የት ነህ?" ብዬ ጮኽኩ።

"መኝታ ቤት!" ብሎ ጮኸ። "አንቺስ?"

"ወጥ ቤት!"

ሁለታችንም በየክፍላችን መሳቅ ጀመርን። ቆይቶ ደግሞ ያለ ምንም ጉዳይ ጠራኝ፤ እኔም "አቤት!" አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን፣ ገና ያልተዋወቅናቸው ሴትዮ፣ "ልጆች፣ ምን ሆናችሁ? ሰላም ነው?" አሉን።

"ሰላም ነን እማማ!" አልኳቸው በመስኮቱ። "ቤት ገዝተን ነው!"